ለጤና ቀን የድርጅት አርማ ያረፈበት የመዓዛ ስጦታ ምን ይሁን?

ጠባሴ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት የግል ድርጅት በመጪው ኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ላይ ለሠራተኞቹና ለደንበኞቹ የጤና ቀን ያዘጋጃል። ጠዋት የእግር ጉዞና የሰውነት ማፍታቻ፣ ቀጥሎ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለ እንቅልፍና ስለ ሥራ ጫና ትምህርት ይሰጣል። እንግዶቹ 150 ያህል ይሆናሉ ብለን እንገምታለን፤ ለእያንዳንዳቸው አርማችን ያረፈበት፣ ከመልካም መዓዛ ጋር የተያያዘ ስጦታ መርጬ እንዳቀርብም ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጥቷል።

አንድ የአዲስ አበባ አቅራቢ ዲፊውዘር የሚባለውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዓዛ ማሰራጫ ከሦስት ትንንሽ የዘይት ጠርሙሶች ጋር በካርቶን አሽጎ፣ በካርቶኑም በዕቃውም ላይ አርማችንን በትልቁ አትሞ ሊያስረክበን ዋጋ አቅርቧል። ናሙናው ለዓይን ያምራል። ሆኖም ከበጀታችን አብዛኛውን ይወስዳል፤ ዘይቶቹም ላቬንደር፣ ጽጌረዳና ብርቱካን ናቸው ቢባልም ጠርሙሶቹ ላይ ከስማቸው በቀር የተጻፈ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ስጦታ ያዘጋጃችሁ፣ የሸጣችሁ ወይም የተቀበላችሁ ብትኖሩ ምክራችሁን እሻለሁ።

ሰላ ድንጋይ፦

እኔ በተቀባዩ ወገን ሆኜ ልናገር። ከአንድ ስብሰባ እንዲህ ያለ ማሰራጫ ተሰጥቶኝ ነበር። ውኃ ይሞላበታል፣ ዘይት ይንጠባጠብበታል፣ ከተጠቀሙበት በኋላ ውስጡ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ዘይቱ ከታች ይጋገርና ጭጋግ ማውጣቱን ያቆማል። እኛ ቤት ደግሞ መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ጨርሶ አይሠራም። አብሮት የመጣው ዘይት ሲያልቅ ምትክ የሚገዛበት ሱቅ በአካባቢያችን ስላልተገኘ፣ አሁን ባለቤቴ ካርቶኑን የክርና የመርፌ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ያንን አርማ በየቀኑ የምናየው በክር ሳጥን ላይ ነው፤ ድርጅቱ ለዚህ ብሎ ገንዘቡን ያወጣ አይመስለኝም።

ፋርማሲስቷ፦

ጠባሴ፣ ጠርሙሶቹ ላይ ከስም በቀር ምንም እንዳልተጻፈ መግለጽዎ መልካም ነው፤ እኔ ብሆን ምርጫውን እዚያው ላይ አቆመው ነበር። ከዕፅዋት የተጣራ መዓዛማ ዘይት ሲሸጥ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደ ወጣ፣ የአምራቹ ማንነት፣ የምርት መለያ ቁጥርና የመጠቀሚያ ጊዜው ሊጻፍበት ይገባል። ለምሳሌ እውነተኛው ላቬንደር ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ ተብሎ ይጻፋል። «የላቬንደር መዓዛ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ በአብዛኛው በፋብሪካ የተቀመመ ሽቶ ነው። ሽቶ መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የተክል ዘይት ነው ተብሎ መሸጡ ነው።

ሌላው ምልክት ዋጋው ነው። የብርቱካን ዘይት ጭማቂ ከሚጨመቅበት ፍሬ ልጣጭ ስለሚወጣ ርካሽ ሲሆን፣ 1 ኪሎ ግራም የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ግን ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ግራም አበባ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ካርቶን ውስጥ በእኩል መጠንና በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ጽጌረዳው ጽጌረዳ አይደለም። አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ ማሳደርም ይቻላል፤ ሲደርቅ የቅባት ክብ የሚተው ከሆነ በሌላ ዘይት ሳይበረዝ አልቀረም። ይህ ፈተና ግን ሰው ሠራሹን ሽቶ ከተፈጥሮው አይለይም።

ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር ለመስጠት ካሰባችሁ፣ መዓዛማ ዘይት በሌላ ተራ ዘይት ሳይበረዝ አይቀባም። በተለመደው አሠራር ለአዋቂ ሰው ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበቃል፤ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ስለሚሆን፣ 10 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ጠርሙስ ውስጥ 2 በመቶ ማለት 4 ጠብታ ብቻ ነው። አቅራቢው ያቀረበላችሁ ለ150 ሰው 450 ጠርሙስ ምንነቱ ያልታወቀ ዘይት ነው። ለ150 ትንንሽ ጠርሙሶች በዚህ ልክ የሚበረዘው ዘይት ግን በጠቅላላው 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ምንነቱ የተረጋገጠ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለሁሉም ይበቃል። ይሁን እንጂ ቅመማውን ቢሮ ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ ፈቃድ ላለው አምራች ይሰጥ።

በጽሑፉም ተጠንቀቁ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትም መዋቢያም ቁጥጥር ይደረግባቸዋል፤ ስለዚህ በስጦታ ካርድ ላይ «ለአስም»፣ «ለደም ግፊት»፣ «ለምች» ብሎ መጻፍ አንድን መዓዛ ያለ ምዝገባ መድኃኒት ነው ማለት ይሆናል። በጀርመን 80 ሚሊ ግራም የላቬንደር ዘይት የያዘ እንክብል ለጭንቀት ተጠንቶ መልካም ውጤት አሳይቷል፤ አቅራቢዎች ይህን እየጠቀሱ ሲሸጡ እሰማለሁ፤ ነገር ግን የተጠናው የሚዋጥ እንክብል እንጂ የሚሸተት ጠርሙስ አይደለም። «ደስ የሚል መዓዛ አለው» ማለት እውነትም ነው፣ በቂም ነው።

ጠባሴ፦

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሰራጫውን የምንተወው ይመስለኛል። እንግዲህ በምን እንተካው? ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ የዕጣንና የትንሽ ማጨሻ ስጦታ ሐሳብ አቅርቧል፤ ሌላዋ ደግሞ የሰም ሻማ ትላለች።

ኤፋት፦

ስለ ዕጣኑ እኔ አስተያየት አለኝ። ዕጣን የሁላችንም ቤት መዓዛ ነው፤ በቡና ሰዓት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ይጨሳል። ይሁን እንጂ የንግድ ድርጅት አርማ በዕጣን ላይ ሲለጠፍ ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ የሰም ሻማም ጧፍን ስለሚያስታውስ ያው ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ከሰሉ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ነው፤ ሰው በርና መስኮቱን ዘግቶ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ የከሰል ጭስም ሰው የሚገድል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በጤና ቀን ላይ በተዘጋ ቤት ከሰል እንዲያያዝ የሚጋብዝ ስጦታ መስጠት አይገባም እላለሁ።

ቅባት ነገር የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ የምንኖርበትን አየር አስቡ። መዓዛማው ዘይት ከሚበረዝባቸው አንዱ የሆነው የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል። እኛ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ስለሆንን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ውኃ ፈሳሽ ነው፤ እናንተ ዘንድ ግን ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፣ ዘይቱን ቆዳ ላይ ለመቀባት ጫፉ ላይ የምትገጠም ተንከባላይ ኳስ ካለችም ትያዛለች። ከሁለቱም አገር እንግዶች የሚመጡ ከሆነ በሁለቱም አየር ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ዘይት ካልተመረጠ ግማሹ ሰው ስጦታው የተበላሸ ይመስለዋል።

የመንዝ ልጅ፦

ለመሆኑ ከአዲስ አበባ ምን አስኬዳችሁ? ጦስኝ እዚሁ ደጃችሁ ነው። ቲመስ ሺምፐሪ የሚባለው የእኛ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ሲሆን፣ በአንኮበርና በመንዝ ጋራ ላይ ሲሄዱ በጫማ ሥር ሲረገጥ እንኳ ይሸታል። የደረቀ ጦስኝ በአቡጀዲ ከረጢት ተሰፍቶ ቢሰጥ በልብስ ሣጥን ውስጥ ወይም በትራስ አጠገብ ይቀመጣል፤ መዓዛው ሲደክም በእጅ አሸት አሸት ሲያደርጉት ይመለሳል። መብራት አይፈልግም፣ ከሰል አይፈልግም፣ አይደፋም።

አደራረቁ ግን ሥራ ይጠይቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጦስኝ ቶሎ ይደርቃል፣ መዓዛውም አብሮ ይበናል፤ ስለዚህ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ስስ አድርጎ መዘርጋት፣ ማታ ማታ ጤዛና ውርጭ እንዳይነካው ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። መድረቁ የሚታወቀው ቀንበጡ ሲታጠፍ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከፊል እርጥብ ሆኖ ከተሰፋ በከረጢቱ ውስጥ ይሻግታል፣ ሲከፈትም የሚሸተው የጓዳ እርጥበት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ከረጢት 20 ግራም ብትሉ ለ150 ሰው የሚበቃው 3 ኪሎ ግራም ደረቅ ጦስኝ ነው፤ እርጥቡ ሲደርቅ ክብደቱ በብዙ ስለሚቀንስ በእርጥብነቱ ስትገዙ ያንን አስቡ።

አንድ ነገር አደራ። ከሥሩ የተነቀለ ጦስኝ ከሚሸጥላችሁ ሰው አትግዙ፤ ከላይ በማጭድ የታጨደው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የተነቀለው ግን ጠፍቶ ይቀራል። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ ሕዝቡ እየወሰነ የጠበቀው መሬት ነው። የእናንተ ድርጅት አርማውን ያለ ፈቃድ ከጥብቁ ስፍራ በወጣ ቅጠል ላይ ቢያሳርፍ ለስሙም አይበጀውም። ከጓሯቸው ወይም ከማሳቸው ዳር ከሚያጭዱ ገበሬዎች ተቀብሎ የሚያቀርብ ነጋዴ ይፈለግ።

ጣርማበር፦

የመንዙን ወንድሜን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሚቃወም ሰው ቢኖር አይከፋም። ጦስኝ እኮ ሁሉም ሰው ቅዳሜ ገበያ የሚገዛው የሻይ ቅጠል ነው። ደንበኛ ከድርጅት ስጦታ የሚጠብቀው ራሱ ገዝቶ የማያመጣውን ነገር ነው። ጠባሴ በከረጢት ጦስኝ ይዞ ቢቀርብ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ለሚመጡት እንግዶች፣ «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እኔ የምመክረው ደህና የሳሙና ስጦታ ነው፤ ሳሙና ሁሉም ይጠቀምበታል።

የመንዝ ልጅ፦

ጣርማበር፣ ነጥብዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አቀራረቡ ላይ ይመስለኛል። ጦስኙን ከመንዝ በግ ጸጉር ጋር እናጣምረው። ሴቶቻችን ለበርኖስና ለዝተት የሚፈትሉት ጸጉር በሙቅ ውኃና በሳሙና ሲታሽ ይጠባበቅና እንቁላል የምታክል ጠንካራ ኳስ ይሆናል። ጸጉር ዘይትን መጥጦ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ በዚች ኳስ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ መዓዛማ ዘይት ጠብ ቢደረግ ያለ ኤሌክትሪክ ክፍሉን ታውደዋለች። ይህን ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ በየትም ገበያ አይገዛውም። ጸጉሩ ግን ቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ሞራው ያልለቀቀ ጸጉር እርጥበት ባገኘው ቁጥር የበግ በረት ይሸታል፣ ያኔ ላቬንደርም ቢጨመርበት አያድነውም።

ፋርማሲስቷ፦

የጸጉሩን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ቆዳ አይነካም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ከኳሷ ጋር የዘይት ጠርሙስ የሚሰጥ ከሆነ ጠርሙሱ ጠቆር ያለ ብርጭቆ ይሁን፤ ዘይቱ ርካሽ ላስቲክን ያለሰልሳል፣ ብርሃንም ያበላሸዋል። ክዳኑም ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው ይሁን። በተለይ የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ትንሽ እንኳ ቢጠጣ ለሕፃን አደገኛ ነው፤ በጨቅላ ሕፃን ፊት አጠገብ መቀባትም የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ይችላል። አካባቢያችን የባሕር ዛፍ አገር ስለሆነና ሰው ሁሉ ለጉንፋን ቅጠሉን ቀቅሎ ስለሚታጠንበት፣ ዘይቱን እንደ ቅጠሉ አቅልሎ እንዳያየው ካርዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ አይጠጣም፣ ሳይበረዝ አይቀባም፣ ከሕፃናት ይራቅ።

የቀን ተረኛ ነርስ፦

እስካሁን ያልተነሣ ነገር አለ። እንዲህ ባሉ ዝግጅቶች ላይ አዳራሹን ራሱን በመዓዛ ማወድ የተለመደ ሆኗል፤ እባካችሁ አታድርጉት። አስም ያለበት ሰው፣ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወራት ሽታ የሚያስጠላት እናት፣ ሽቶ ሲሸተው ራሱን የሚያመው ሰው አዳራሹ ውስጥ ቢኖሩ የመውጣት ምርጫ የላቸውም፤ በከረጢት የታሸገውን ስጦታ ግን ወስደው ለሌላ ሰው መስጠት ይችላሉ። ስጦታው ጠዋት ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ይታደል። ጥቂት መዓዛ የሌላቸው ስጦታዎችም አዘጋጁ፤ ያው ከረጢት ሆኖ ውስጡ ትንሽ የፊት ፎጣ ቢሆን ማንም የተለየ ነገር እንደ ተሰጠው አይሰማውም።

ሰላ ድንጋይ፦

ጣርማበር ስለ ሳሙናው ያሉት አይጣል። ነገር ግን ሳሙና ላይ የታተመ አርማ በሁለተኛው መታጠብ ይጠፋል።

አቡጀዲ፦

በማተሚያና በስፌት ሥራ ላይ ስለምገኝ ስለ አርማው ልናገር። ድርጅቶች አርማቸውን ከስጦታው ሊያገዝፉት ይወዳሉ። ከረጢቱን ሙሉ የሚሸፍን አርማ ያለበትን ዕቃ ሰው ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል እንጂ ጠረጴዛ ላይ አያኖረውም። በሁለት ጣት ስፋት፣ በአንድ ቀለም፣ በከረጢቱ የታችኛው ጥግ ላይ የታተመ አርማ ግን ለዓመታት አብሮ ይኖራል። የዝግጅቱን ቀንና መሪ ቃል ከከረጢቱ ላይ አውጥታችሁ በክር በሚንጠለጠለው ካርድ ላይ ጻፉት፤ ቀን የተጻፈበት ዕቃ በማግሥቱ ያረጃል።

አሁን ደግሞ ወደ ጨርቁ። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ስታርች ያለ ማጠንከሪያ አለው፤ ሳይታጠብ ከታተመበት ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀመጥና በኋላ ይላጣል፣ ጨርቁም ሲታጠብ ስለሚሸበሸብ አርማው ይጣመማል። ስለዚህ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ከዚያ በስክሪን ይታተማል። የስክሪን ቀለም የራሱ ሽታ እንዳለው ብዙ ሰው አያስብም። ገና የታተመ ከረጢት ውስጥ ጦስኝ ሲሞላ ቅጠሉ የቀለሙን ሽታ ይስባል፤ ተቀባዩ ከፍቶ ሲያሸተው የሚያገኘው ከጦስኝ ይልቅ ማተሚያ ቤቱን ነው። ከታተመ በኋላ በገመድ ላይ ተሰቅሎ አየር እንዲያገኝ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆይ፤ ሽታው መልቀቁን በአፍንጫችሁ አረጋግጣችሁ ሙሉት።

ጥልፍ ከመረጣችሁ የቀለም ሽታ የለበትም፣ መልኩም ይከበራል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል፣ ትንንሽ ፊደላትም በጥልፍ አይነበቡም። ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ካለ ላዩ በላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፤ ዘይት የነካው ተራ ስቲከር ቀለሙ ይፈሳል፣ ስሙም ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይጠፋል።

ጣርማበር፦

የጸጉር ኳሷን ካየሁ በኋላ ተቃውሞዬን አለዝቤያለሁ። ሆኖም ከመወሰናችሁ በፊት ለጥቂት ሰዎች አሸትታችሁ እዩ። ለአለቃው ብቻ ሳይሆን ለጥበቃውም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም፣ በዕድሜ ለገፉት ደንበኞችም ይሰጥ። ላቬንደር ለእናቴ የሚያስታውሳት የልብስ ሳሙና ብቻ ነው፤ የወይራ ጢስና አሪቲ ግን ደስ ይላታል። የውጭ አገር ካታሎግ የሚያሞግሰው መዓዛ እዚህ ለሰዉ ምንም ላይነግረው ይችላል።

ኤፋት፦

በዚሁ ላይ፣ የጽድ ፍቅፋቂ ከአናጺ ቤት ተለምኖ በጦስኙ ላይ ትንሽ ቢደባለቅ መዓዛው ይረጋል። ለዚህ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥ እንጂ፣ የሚጣለውን መሰብሰብ ችግር የለውም።

ጠባሴ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጉዳዩን ለአስተባባሪ ኮሚቴው አቅርቤ የሚከተለውን ተስማምተናል። ማሰራጫው ቀርቷል። ለሁሉም እንግዳ የታጠበ አቡጀዲ ከረጢት በጦስኝና በጥቂት የጽድ ፍቅፋቂ ተሞልቶ፣ ከአንዲት የጸጉር ኳስ ጋር ይሰጣል፤ የዘይት ጠርሙስ ግን አንጨምርም፣ ምክንያቱም ሕፃናት ወዳሉበት ቤት መግባቱ እንዳያሳስበን ኳሷ ጦስኙ ውስጥ ተቀብራ ከቅጠሉ የምትስበው መዓዛ ይበቃል ብለናል። መዓዛ የማይስማማቸው እንግዶች በፎጣው ይስተናገዳሉ። ካርዱ ላይ ጦስኙ ከየት እንደ ተገዛና እንዴት እንደሚታደስ በሦስት መስመር ይጻፋል፤ ስለ ሕመም የሚናገር ቃል አይኖርበትም።

ከኮሚቴው አንድ አባል አርማው በኳሷም ላይ እንዲኖር አጥብቀው ጠይቀዋል። አቡጀዲ፣ ይህ ይቻላል?

አቡጀዲ፦

ጋሼ፣ በተጠባበቀ ጸጉር ላይ ቀለም አይረጋም፣ ጥልፍም ቅርጿን ያበላሻል። ኮሚቴው ከጸና አርማው የተጠለፈበት ቀጭን ጥብጣብ በኳሷ ላይ ይታሰር፤ ሲፈልግ ሰዉ ይፈታዋል። የአርማውን ፋይል በስልክ ተነሥቶ ሳይሆን ዲዛይነሩ መጀመሪያ ከሠራበት እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ከፎቶ ላይ የሚወሰድ አርማ በሁለት ጣት ስፋት ሲታተም ጠርዙ ይቦጫጨራል። ኅዳር ላይ እንዲደርስ ከረጢቶቹ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ታትመው ገመድ ላይ መሰቀል ስላለባቸው፣ ጨርቁን በዚህ ሳምንት ቢገዙ ይሻላል።